በእርግዝና ጊዜ የሳይቶሜጋሎቫይረስ ምርመራ ውጤትን ደረጃ በደረጃ ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የእርግዝና ክትትል ከሚያደርጉ እናቶች መካከል፣ በተለይም ከዚህ ቀደም ውርጃ ያጋጠማቸው ወይም በአልትራሳውንድ አንዳች ጥርጣሬ የተነሣባቸው፣ ፅንስን ሊጎዱ የሚችሉ የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ላይ የሚፈልገውን «ቶርች» የሚባል የጥቅል ምርመራ ታዘው ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳሉ። ይዘውት በሚወጡት ወረቀት ላይ «ሲኤምቪ፦ ፖዘቲቭ» (ሲኤምቪ የሳይቶሜጋሎቫይረስ አጭር ስም ነው) የሚል መስመር አይተው እስከ ሐኪማቸው ቀጠሮ ድረስ እንቅልፍ የሚያጡ አሉ፤ ዘመድም ጎረቤትም የየራሱን ትርጉም ይጨምርበታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ወረቀቱ የሚናገረውንና ሊናገር የማይችለውን ለይቶ ለማየት እንዲረዳ ነው። የሐኪምዎን ውሳኔ አይተካም፤ ነገር ግን ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ምን መያዝና ምን መጠየቅ እንደሚገባዎ ያመለክታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብቻውን ተነጥሎ ሲነበብ ምንም አይወስንም። ትርጉም የሚያገኘው የትኛው ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚያመነጨው ነገር) እንደተገኘ፣ ደሙ በስንተኛው የእርግዝና ሳምንት እንደተቀዳ እና በምን ዓይነት መሣሪያ እንደተመረመረ አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

ስለ ቫይረሱ በአጭሩ

ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ በአጭሩ ሲኤምቪ፣ ከሄርፒስ ቫይረሶች ወገን ነው። በምራቅ፣ በሽንት፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጡት ወተት ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አልፎ አልፎም ይቀሰቀሳል። በአገራችን፣ እንደ አብዛኛው የአፍሪካ አገር ሁሉ፣ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው ይያዛል። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ቢያሳይም ትኩሳት፣ ድካምና የንፍፊት እብጠት ስለሆነ ከሌላ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከደምቢያ ወባማ ቀበሌዎች የመጣች ነፍሰ ጡር ትኩሳት ሲይዛት በቅድሚያ መመርመር ያለባት ወባን ነው። ሲኤምቪ ተጠረጠረ ተብሎ ይህ መዘግየት የለበትም።

ፅንሱን በተመለከተ ዋናው ልዩነት እናት ቫይረሱን ከእርግዝና በፊት አግኝታው እንደሆነና በእርግዝናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝታው እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ልዩነት ለማወቅ የሚደረጉ ጥረቶች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሳምንቱን ያረጋግጡ

ወረቀቱን ሲቀበሉ በመጀመሪያ ሊያዩ የሚገባው ውጤቱን ሳይሆን ደም የተቀዳበትን ቀን ነው። ውጤቱ ታትሞ የወጣበት ቀን ከተቀዳበት ቀን የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ ከሆነ ልዩነቱ ከሳምንት በላይ ሊሆን ስለሚችል ለይተው ይጠይቁ።

ቀጥሎ ደሙ ሲቀዳ እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደነበረ ያስሉ። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የወሮቹን ቁጥር በ30 አባዝቶ ትርፍ ቀኖቹን መደመርና ለ7 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ጥቅምት 5 ቢሆንና ደሙ ታኅሣሥ 25 ቢቀዳ፣ በመካከሉ ያለው ሁለት ወር ከ20 ቀን፣ ማለትም 80 ቀን ነው። ይህም 11 ሳምንት ከ3 ቀን ይሆናል። እርግዝናው ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ ግን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን መጨመር ይገባል። የወር አበባዋን ነሐሴ 10 ያየችና ጥቅምት 20 ደም የሰጠች እናት ጳጉሜን ከዘነጋች 10 ሳምንት ብላ ትቆጥራለች፤ ትክክለኛው ግን 75 ቀን፣ ማለትም 10 ሳምንት ከ5 ቀን ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ሆኖም ከዚህ በኋላ በሚመጡት ደረጃዎች ውሳኔ የሚሰጠው በሳምንት ልክ ስለሆነ ቸል አይባልም።

የአልትራሳውንድ ማሽኖች ቀን የሚያትሙት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ይበሉ። የክትትል ካርድዎ በኢትዮጵያ፣ የአልትራሳውንድ ወረቀትዎ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ በአንድ አቆጣጠር ያስጽፉ። የወር አበባ ቀኑ በደንብ የማይታወስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ የተሻለ መመዘኛ ነው።

ደረጃ 2፦ የምርመራውን ዓይነት ይጠይቁ

በአንዳንድ የግል ክሊኒኮች ምርመራው የሚደረገው በፈጣን የካሴት መመርመሪያ ነው። ካሴቱ መስመር አለ ወይም የለም ከማለት በቀር መጠን አይናገርም፤ በተለይ ደብዛዛ መስመር ሲታይ አንባቢው እንደየዓይኑ ይተረጉመዋል። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፦ በካሴት ብቻ በተገኘ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ምንም ዓይነት ውሳኔ መወሰን የለበትም። ውጤቱ ኤላይዛ በሚባለው መጠን የሚለካ የቤተ ሙከራ ዘዴ ወይም ቁጥር በሚሰጥ አውቶማቲክ ማሽን ተረጋግጦ መምጣት አለበት። በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ከውጤቱ ጎን የመለያ ወሰን፣ ብዙዎች «ካት ኦፍ» የሚሉት ቁጥር፣ ተጽፎ ይገኛል። ወሰኑ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ የእርስዎን ቁጥር ከጎረቤትዎ ቁጥር ጋር አያወዳድሩ። ምርመራው መደገም ካለበትም በዚያው ቤተ ሙከራ፣ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ቢደገም ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ አይጂጂን ያንብቡ

በወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካሎችን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ያገኛሉ፤ አንዱ በላቲን ፊደል «ጂ»፣ ሌላው «ኤም» የሚያልቅ ነው። በመጀመሪያ «ጂ» የሚለውን፣ ማለትም አይጂጂን ያንብቡ።

አይጂጂ ፖዘቲቭ ማለት ሰውነትዎ ከዚህ ቫይረስ ጋር በሕይወትዎ በአንድ ወቅት ተገናኝቷል ማለት ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ አይጂጂ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ አይጠፋም። በአገራችን ከአብዛኞቹ እናቶች ደም ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ፣ ይህ መስመር ብቻውን ፖዘቲቭ ሆኖ ሲገኝ መደንገጥ አይገባም። ቁጥሩ ከፍ ማለቱም ሕመሙ ከፍ ማለቱን አያመለክትም። አንዳንዱ ማሽን ከመለኪያው ጣሪያ በላይ መሆኑን ጽፎ ሲያወጣ እናቶች ክፉኛ ይጨነቃሉ፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመት በፊት ተይዞ የዳነ ሰውም ያን ያህል ሊኖረው ይችላል።

አይጂጂ ኔጌቲቭ ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ገና አላገኙትም ማለት ነው። ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜና ሲሆን፣ በሌላ በኩል በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ጥቂት እናቶች አንዷ መሆንዎን ይነግራል።

ደረጃ 4፦ አይጂኤምን ያንብቡ፣ ከአይጂጂም ጋር ያጣምሩ

አይጂኤም በአዲስ ሕመም መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህም ብዙዎች አይጂኤም ፖዘቲቭ ሲሆን «አሁን ተይዣለሁ» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። አይጂኤም ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አሮጌው ቫይረስ ሲቀሰቀስም እንደገና ሊታይ ይችላል። እንዲሁም በሌላ ቫይረስ፣ ለምሳሌ በኤፕስታይን ባር፣ ወይም በሪህ ዓይነት በሽታዎች ምክንያት ያለ ሲኤምቪ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። በዚህም የተነሣ አይጂኤም ፖዘቲቭ ከሆኑ ነፍሰ ጡሮች መካከል በእርግጥ አዲስ ሕመም ያለባቸው ጥቂቶቹ ናቸው።

ሁለቱ መስመሮች ሲጣመሩ አራት ዓይነት ሁኔታ ይፈጠራል። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ቫይረሱን አላገኙትም፤ በደረጃ 5 ያለውን ጥንቃቄ ይከተሉ። አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ይህም በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ነው፣ ሕመሙ ያለፈ መሆኑ እጅግ ያመዝናል። ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ደሙ የተቀዳው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣ አይጂኤም እስከዚያ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ውጤት ስለ እርግዝናው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ማረጋገጫ አይሰጥም። በመጀመሪያው የክትትል ቀን የተቀዳ ደም ከኋለኛው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ለዚህ ነው።

አይጂጂ ኔጌቲቭ ሆኖ አይጂኤም ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፦ ወይ ሕመሙ ገና መጀመሩ ነው፣ ወይ አይጂኤም ሐሰተኛ ነው። መልሱን የሚሰጠው ጊዜ ነው። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ደም እንደገና ይቀዳል። አይጂጂ ወደ ፖዘቲቭ ከተለወጠ በእርግዝናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝዎ ተረጋገጠ፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ከቀረ የመጀመሪያው አይጂኤም ሐሰተኛ ነበር። ያ ሁለት ሦስት ሳምንት ረጅም እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም በዚያ መካከል ሌላ ክሊኒክ እየዞሩ በየቀኑ ምርመራ መደጋገም ገንዘብና ሰላም ከመጨረስ በቀር ምንም አይጨምርም።

አራተኛው፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ የሆኑበት ሁኔታ፣ ከሁሉም ይልቅ መብራራት የሚያስፈልገው ስለሆነ በደረጃ 6 ብቻውን ይታያል።

እዚህ ላይ ስለ ውርጃ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ደጋግሞ ያስወረዳት እናት ሲኤምቪ አይጂጂ ፖዘቲቭ ስትሆን «ምክንያቱ ተገኘ» ሲባል ይሰማል። አይጂጂ በአብዛኛው ሴት ደም ውስጥ ስላለ የውርጃዋን ምክንያት አይገልጽም፤ ሲኤምቪ ለተደጋጋሚ ውርጃ ምክንያት መሆኑም አልተረጋገጠም። እንዲህ ያለችው እናት መልሱ እዚያ ተገኝቷል ብላ ሌሎቹን አስፈላጊ ምርመራዎች እንዳትተው አጥብቄ እመክራለሁ።

ደረጃ 5፦ አይጂጂ ኔጌቲቭ ከሆኑ ራስዎን ይጠብቁ

ቫይረሱን በብዛት በምራቃቸውና በሽንታቸው የሚያወጡት ሕፃናት ናቸው፤ አንድ ጨቅላ ከተያዘ በኋላ ምንም ሳይታመም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች እናት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርትና ሕፃናትን የምትንከባከብ ሠራተኛ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። የሕፃኑን ዳይፐር ወይም ጨርቅ ከለወጡ፣ አፍንጫውንና ለሐጩን ከጠረጉ በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይገባል። በአገራችን ከማዕድ በፊት እጅ የማስታጠብ መልካም ልማድ አለ፤ እዚህ የሚፈለገው ያው ትጋት ጨርቅ ከተለወጠም በኋላ እንዲደገም ነው። ሕፃኑ የጀመረውን ገንፎ በእርሱ ማንኪያ አይጨርሱ፤ የወደቀ ጡጦ በራስዎ አፍ መጥጠው አያጽዱ፤ ሲስሙት ከንፈሩን ትተው ግንባሩን ይሳሙ። ልጁን ማቀፍ፣ ማዘልም ሆነ አብሮ መተኛት አልተከለከለም። እስካሁን ለሲኤምቪ የተፈቀደ ክትባት ስለሌለ ከዚህ ጥንቃቄ የተሻለ መከላከያ የለም።

ደረጃ 6፦ ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ አቪዲቲ ያስጠይቁ

አይጂጂና አይጂኤም አብረው ፖዘቲቭ ሲሆኑ ሕመሙ አዲስ ይሁን አሮጌ ከእነርሱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ይህን የሚለየው «የአይጂጂ አቪዲቲ» የተባለ ምርመራ ነው። አቪዲቲ ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ይለካል። አዲስ የተፈጠረ አይጂጂ በቅርቡ እንደተለሰነ ጭቃ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ወራት ሲያልፉ ግን እንደ ደረቀ ልስን ይጣበቃል።

ዝቅተኛ አቪዲቲ ከአይጂኤም ፖዘቲቭ ጋር ሲገኝ፣ ሕመሙ ባለፉት ሦስት ወይም አራት ወራት ውስጥ የተከሠተ መሆኑን ያመለክታል። ከፍተኛ አቪዲቲ ደግሞ ሕመሙ ከዚያ በፊት እንደነበረ ያሳያል። አሁን በደረጃ 1 ያሰሉት ሳምንት ጥቅም ላይ ይውላል። ደሙ የተቀዳው በመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 16 ሳምንታት ውስጥ ከሆነና አቪዲቲው ከፍተኛ ከሆነ፣ የተያዙት ከመፀነስዎ በፊት ነው ብሎ ለመደምደም ጥሩ ምክንያት አለ። ደሙ የተቀዳው በ24ኛው ሳምንት ከሆነ ግን ያው ከፍተኛ አቪዲቲ በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ የነበረን ሕመም አያስቀርም፤ ከዚያ ወዲህ አቪዲቲው ለመጎልመስ በቂ ጊዜ አግኝቷልና። ውጤቱ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ከሆነ ሐኪሙ ከሌሎች መረጃዎች ጋር አገናዝቦ ያየዋል።

የአቪዲቲ ምርመራ በሁሉም ቤተ ሙከራ አይሠራም። ደም ከመስጠትዎ በፊት እዚያው ይሠራ እንደሆነ፣ የሚላክ ከሆነም ወዴትና በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጠይቁ። ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለጉበት ቫይረስና ለደም ዓይነት በመጀመሪያው ክትትል ቀን ከተቀዳው ደም የተረፈ ሴረም (ከደሙ ተለይቶ የሚወጣው ፈሳሽ) ተቀምጦ እንደሆነም ይጠይቁ። አንዳንድ ቤተ ሙከራዎች ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ የቀድሞውና የአሁኑ ናሙና ጎን ለጎን ሲመረመሩ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሊፈታ ይችላል።

የአቪዲቲ ምርመራ ሳይሠራ፣ በአይጂኤም ብቻ ተመሥርቶ እርግዝናን ስለማቋረጥ መነጋገር ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ማንም ይህን ቢልዎት የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት እስኪያይዎ ድረስ ጊዜ ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ወደ ስፔሻሊስት ይሂዱ፣ የተሟላ ወረቀት ይያዙ

በአዘዞ፣ በማራኪ ወይም በሌላ ጤና ጣቢያ ክትትል የሚያደርጉ ከሆነ አዋላጅ ነርሷን የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ። በአካባቢው ከፍተኛው የሪፈራል ማዕከል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከቆላድባ ወይም ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ የሚመጡ ከሆነ መንገዱ እንዳይደገም የሚከተሉትን አሟልተው ይምጡ፦ የክትትል ካርድ፣ ሁሉም የሲኤምቪ ወረቀቶች ከነቀናቸው፣ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝር። ኤችአይቪ በደምዎ ካለ ይህንንም አይደብቁ፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም አሮጌው ሲኤምቪ የመቀስቀስ ዕድሉ ስለሚጨምር ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ሐኪሙ አዲስ ሕመም መኖሩን ካመነ የአደጋውን መጠን ያስረዳዎታል። በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዙ 100 እናቶች ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ቫይረሱን ወደ ፅንሱ ያስተላልፋሉ። የማስተላለፍ ዕድሉ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ይጨምራል፤ በፅንሱ ላይ የሚያደርሰው ከባድ ጉዳት ግን በአብዛኛው ከመፀነስ ጥቂት ቀደም ብሎና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከተከሠተ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ከተያዙት ሕፃናት መካከልም ሲወለዱ ምልክት የሚታይባቸው ከ100 ከ10 እስከ 15 ያህሉ ናቸው። ይህን ሰንሰለት በሙሉ ሳያዩ አንዱን ቁጥር ነጥሎ መያዝ ያሳስታል።

ከእርግዝና በፊት የተያዘች እናትም ለፅንሷ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ ዕድሉ ከ100 አንድ አካባቢ የሚሆን ትንሽ ነው። ሆኖም እንደ እኛ አብዛኛው ሴት አስቀድሞ በተያዘበት አገር፣ ከቫይረሱ ጋር ከሚወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚወለዱት ከእነዚሁ እናቶች ነው። ስለዚህ አሮጌ ሕመም ነው መባሉ የአልትራሳውንድ ክትትልን ለማቋረጥ ፈቃድ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ፅንሱን መከታተል

በአልትራሳውንድ የሚፈለጉት ምልክቶች በአንጎል ውስጥ የፈሳሽ ክፍሎች መስፋት፣ በአንጎል ውስጥ የካልሲየም ነጠብጣቦች፣ የጭንቅላት መጠን ማነስ፣ አንጀት በምስሉ ላይ ደምቆ መታየት፣ የጉበትና የጣፊያ መተለቅ፣ በሆድ ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ የእንግዴ ልጅ መወፈርና የፅንሱ እድገት መዘግየት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ስለታየ ብቻ ምክንያቱ ሲኤምቪ ነው አይባልም፤ አልትራሳውንዱ ንጹሕ መሆኑም ፅንሱ አልተያዘም ማለት አይደለም። በመሆኑም ምርመራው በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል።

ፅንሱ ስለመያዙ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ከሽርት ውኃ ተወስዶ የሚሠራ ፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው። ቫይረሱ ወደ ሽርት ውኃ የሚገባው በፅንሱ ሽንት በኩል ስለሆነ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ እርግዝናው 20 ሳምንት ገደማ መድረሱ፣ እንዲሁም ከእናት ሕመም በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ማለፉ። ከዚያ ቀድሞ ቢወሰድ በሐሰት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቭ ቢሆንም ፅንሱ ተይዟል ማለት እንጂ ታሟል ማለት አይደለም። ናሙናው በመርፌ ስለሚወሰድ ትንሽ አደጋ አለው፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን ከባለቤትዎና ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ይወስኑ።

ስለ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በእስራኤል የተደረገ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ ለተያዙ እናቶች በቀን 8 ግራም ቫላሳይክሎቪር ሲሰጥ ወደ ፅንሱ የመተላለፍ ዕድሉ ከ100 ከ30 ወደ 11 ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ይህ መጠን ለሌላ ሕመም ከሚሰጠው እጅግ የበዛ ነው፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል በስፔሻሊስት ትእዛዝና በደም ክትትል ካልሆነ በቀር ፈጽሞ አይወሰድም። ከመድኃኒት ቤት አሳይክሎቪር ገዝቶ በራስ መጠን መዋጥ ጥቅም የለውም። ፀበል የሚከታተሉ እናቶችም እምነታቸውን እንደያዙ የሐኪም ቀጠሯቸውን እንዳያሳልፉ እለምናለሁ።

ደረጃ 9፦ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ያሉትን 21 ቀናት አያሳልፉ

ይህ ደረጃ በእኛ አካባቢ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ስለሆነ ከመውለድዎ በፊት ያንብቡት። ሕፃኑ ቫይረሱን ከማህፀን ይዞት የተወለደ መሆኑን ማረጋገጥ የሚቻለው በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ በተወሰደ ሽንት ወይም ምራቅ ላይ በሚሠራ ፒሲአር ነው። ከ21 ቀን በኋላ ፖዘቲቭ ቢሆን፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከጡት ወተት አግኝቶት ሊሆን ስለሚችል መለየት ያዳግታል።

ችግሩ ይህ ጊዜ ከአራስነት ልማዳችን ጋር መጋጨቱ ነው። በጎንደር ብዙ አራስ እናት ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ማለትም እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ከቤት አትወጣም። ለክትባት ሕፃኑ የሚወጣበት 45ኛው ቀንም ከ21 ቀን እጅግ ያለፈ ነው። ስለዚህ ገና ነፍሰ ጡር ሳሉ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ፤ ምርመራው የት እንደሚሠራና የናሙና ዕቃው ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁ። የሚሻለው ከወለዱበት ጤና ተቋም ሳይወጡ ናሙናው እንዲወሰድ ነው። ካልሆነ አያት ወይም አባት ሕፃኑን ይዘው እንዲሄዱ አስቀድሞ ይወሰን።

ምራቁ የሚወሰደው ሕፃኑ ጡት ከጠባ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለ ቫይረስ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላልና። በምራቅ ፖዘቲቭ ከሆነ በሽንት ይረጋገጣል። የሕፃኑን ደም ለአይጂጂ መመርመር ግን አይጠቅምም፤ የእናት አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ስለሚያልፍ የሁሉም የተያዘች እናት ልጅ ፖዘቲቭ ይሆናል።

በሕፃኑ ገላ ላይ ነጠብጣብ ደም መሳይ ሽፍታ፣ የበረታ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት፣ ያነሰ ጭንቅላት ወይም ክብደት፣ እንዲሁም መንቀጥቀጥ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይወሰድ። ምልክት ላለባቸው ሕፃናት ቫልጋንሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ተጀምሮ ለ6 ወር ይሰጣል፤ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ በየጊዜው የደም ምርመራ ይደረጋል።

በጊዜው ለተወለደ ሕፃን በሲኤምቪ ምክንያት ጡት መከልከል አይገባም። ያለ ጊዜው የተወለደና ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ከሆነ ግን ስለ ጡት ወተቱ ከሕፃናት ሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 10፦ የመስማት ክትትል

ሲወለድ ምንም ምልክት ያልታየበት፣ ነገር ግን በፒሲአር መያዙ የተረጋገጠ ሕፃን ከ100 ከ10 እስከ 15 በሚሆን ዕድል በኋላ ላይ፣ በተለይ በመስማት ላይ፣ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ችግሩ በመጀመሪያው ምርመራ ላይታይና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የጆሮ ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይደገማል። በቤት ውስጥም ልጁ በድንገተኛ ድምፅ የማይነቃ፣ በ9 ወር ሲጠሩት የማይዞር፣ አንድ ዓመት አልፎትም ቃል የማይሞክር ከሆነ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይሂዱ። የፒሲአር ወረቀቱን ቅጂ ከክትባት ካርዱ ጋር ያኑሩት፤ ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባም ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ተገቢ ነው።